በሁዳዴ ቅቤ የበላው ጎማ

ቅቤ ሲነጠር ሌላው ሰው ዶሮ ወጥ ትዝ ይለዋል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ትራክተር ነው። የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታ ከድስቱ ሲነሣ ከሥሩ የጋለ ብረትና የመንገድ አቧራ ተቀላቅሎ የሚመጣብኝ ይመስለኛል፤ ወዲያው ከጅጋ ወደ ፈረስ ቤት የሚወጣው ዳገት፣ የአባቴ ጎንበስ ያለ ጀርባ፣ እናቴ በነጠላዋ የከደነችው አፏና እኔ በሁለት እጄ ያቀፍሁት ቆርቆሮ ተከታትለው ይደርሳሉ። ባለቤቴ ይህን አመሌን ስለሚያውቅ ቤታችን ቅቤ በተነጠረ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ የት ደረሳችሁ?» እያለ ያሾፍብኛል።

አባቴ ስንሻው ባለ መፈልፈያ ነበር። ቡሬና ዙሪያዋ የበቆሎ አገር ነውና፣ ታኅሣሥ ገብቶ በቆሎው ከየማሳው ተሰብስቦ ሲከመር፣ አባቴ መፈልፈያ ማሽኑን ከአሮጌ ትራክተሩ ኋላ አስሮ ከመንደር መንደር ይዞር፣ ሰው በዱላ ሲደበድበው ሳምንት የሚፈጅበትን ክምር በአንድ ጠዋት ፈልፍሎ ያስረክብ ነበር። በየመንደሩ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚቆይና እናቴ ውዴም «ባል ያገባሁት ለክረምት ብቻ ነው እንዴ?» እያለች መግቢያ መውጫ ስላሳጣችው፣ ከአንድ የተጣለ የጭነት ተሳቢ ላይ ግድግዳና ጣራ በቆርቆሮ አልብሶ፣ ሁለት የሣንቃ አልጋ ገጥሞ፣ በእንጨት ተደግፎ የሚከፈት መስኮትና የጭስ መውጫ ቧንቧ አውጥቶላት የምትጎተት ቤት ሠራ። ጎጆዋ እንላት ነበር። ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ቤት ለሽርሽር እንደሚጎትቱት የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ እኛ የምንጎትታት ለእንጀራ ነበር፤ ሽርሽሩም ቢሆን አልቀረብንም።

ክረምት ሲሆን ትራክተሩ ጓሯችን ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ይከርም፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ግን ወደ ቤት ይገባ ነበር። ሳጥኑ ከዋንዛ የተሠራ፣ ማዕዘኖቹ በላሜራ የተለበጡ፣ ባዶውን እንኳ ልጅ የማያነሣው ከባድ ሳጥን ነበር። ዝናቡ ከጣራው ላይ ሲያወርደው፣ አባቴ ሳጥኑን ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ይገለብጠውና፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ይርጋ ናፍጣ የነካ ጨርቅ ይዘን እያንዳንዱን ብረት እየወለወልን፣ ዝገት የጀመረውን በአሸዋ ወረቀት እየፈተግን እንውል ነበር። መፍቻዎቹ የሚገቡት እናቴ ከአሮጌ ሸራ በሰፋችው ባለ ኪስ መጠቅለያ ውስጥ ነው፤ መጠቅለያው ተዘርግቶ አንድ ኪስ ባዶ ከታየ አንድ መፍቻ ከአንድ ሰው ቤት ቀርቷል ማለት ነው። ከታች ክሪኩና መዶሻው ይተኛሉ፤ በጎን በኩል ካቻቢቴውና ፒንሳው፣ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ የተጠራቀመው ትርፍ ብሎንና ዳዶ፣ ጥቅል ሽቦ፣ ተጣባቂ ናስትሮ፣ ለጥገና የሚሆን ካላማዳሪ የሚባለው የአሮጌ ጎማ ውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ይደረደራሉ። ከሁሉ በላይ፣ በማዕዘኑ፣ በትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተሞላው፣ አፉ በላስቲክ ተሸፍኖ በሲባጎ የታሰረው ግራሶ፣ የሚዞር ብረት የሚቀባው ወፍራም ቅባት፣ ይቀመጣል። አባቴ «ስንቅ የረሳ መንገደኛ ይለምናል፤ ግራሶ የረሳ ግን የሚለምነውም አያገኝ» ይል ነበር።

አባቴ ሌላም ሥርዓት ነበረው። «ሳጥን የሚታወቀው በዓይን አይደለም፣ በእጅ ነው፤ ትራክተር ሲሰበር ፀሐይ ትውጣልኝ ብሎ አይሰበርም» ብሎ ዓይኔን በእናቴ ሻሽ ያስረኝና፣ አንድ በአንድ እየጠራ በዳበሳ ያስወጣኝ፣ ደግሞም በዳበሳ ያስመልሰኝ ነበር። መጀመሪያ መዶሻውን እግሬ ላይ ጥዬ አልቅሻለሁ፤ ኋላ ኋላ ግን ጣቶቼ ዓይን አወጡ። ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ ሳጥኑን ከባዶ እስከ ሙሉ ዓይኔን ታስሬ እከት ስለ ነበር፣ አባቴ በጎረቤቶች ፊት የሳጥኑ አዛዥ ብሎ ሾመኝ። እውነቱን ለመናገር ሹመቱ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር። በሁለት ዓመት የሚያንሰኝ ይርጋ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ «አንድ ቀን አንድ ነገር ትረሻለሽ፤ ያን ቀን ሳጥኑ የእኔ ነው» ሲለኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው «እስቲ እናያለን» እለው ነበር።

ከገና በኋላ ትምህርት ቤት ለጥቂት ቀናት ሲዘጋና በየቅዳሜው ደግሞ ከእናታችን ጋር ወደ አባታችን እየተጓዝን፣ ጥርን ከጎጆዋ ውስጥ እናሳልፍ ነበር። ማሽኑ ሲነሣ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ ብናኙ በፀሐዩ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ፍሬው በአንድ በኩል እየዘነበ ቆረቆንዳው በሌላ በኩል ይወረወራል፣ ሴቶቹ ከረጢት ይዘው ይሽቀዳደማሉ። በበዓል ቀን፣ ሚካኤል ወይም ባለእግዚአብሔር ሲሆን፣ ማሽኑ ይቆምና አባቴ እግሩን ዘርግቶ ጥላ ሥር ይተኛል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከየቤቱ «የሳጥኑ አዛዥ፣ መዶሻ አውሽን» የሚል አይጠፋም። ከአልጋዬ ሥር ያለውን ሳጥን ጎትቼ፣ ዕቃውን ሰጥቼ፣ እስኪመለስ ዓይኔን ከዚያ ሰው ደጃፍ ሳልነቅል እውል ነበር። ያ ዘመን የደስታዬ ዘመን ነበር፤ ሌላ ምን እላለሁ!

ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። በቅበላ ማግስት እናቴ ድስቱን ሁሉ በአመድና በፈላ ውኃ ፈትጋ፣ ቅቤ የነካ ማንኪያ ሳይቀር ለይታ፣ የቀረውን ቅቤ ከወጥ ቤት ታስወጣው ነበር። «ከዓይን ካልራቀ ከአፍ አይርቅም» ትላለች። የምታስቀምጠውም ዕቃ ቤት፣ ልጅም ድመትም ከማይደርስበት ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ያ መደርደሪያ ግን፣ ጉዞ በሌለ ጊዜ፣ የአባቴም የግራሶ መደርደሪያ ነበር። ቅቤውም የሚታሸገው በዚያው ዓይነት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ በዚያው ላስቲክና በዚያው ሲባጎ ነበር።

የዚያ ዓመት ቅቤ እንደ ሌላው ዓመት ቅቤ አልነበረም። እናቴና ታናሽ እኅቷ ማንጠግቦሽ ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ምክንያቱም ወለላ የምትባል ላም ናት። አያቴ ስትሞት ወለላ በእናቴ እጅ ቀረች፤ አክስቴ ደግሞ «እናቴን አስታምሜ የቀበርሁት እኔ፣ ላሟን የወሰደችው እትዬ» ብላ ቅር ተሰኝታ ፈረስ ቤት ካገባች ወዲህ ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። በዚያ ክረምት ማርገዟን ሰማን፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ከዚያ አንድ ቀን ሰው መጥቶ መልእክት አደረሰ፦ «እትዬ ውዴ ልጄን ክርስትና ታንሣልኝ።» እናቴ ሊጥ በነካ እጇ ፊቷን ይዛ አለቀሰች። እኔ ያዘነች መስሎኝ አብሬ አለቀስሁ።

መልእክቱ ግን ጭራ ነበረው። የአክስቴ ባል ቤተሰቦች ስድስት ዓመት የጠፋች እኅት ትመጣለች ብለው አላመኑም፤ ስለዚህ በሰማንያው ቀን ዋዜማ የክርስትና እናቷ ስም ለቄሱ ሲነገር እናቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረሰች የባሏ እኅት ልጅቱን እንድታነሣ ተስማምተዋል። እናቴ ገባት። ከቀረች ኩርፊያው የዕድሜ ልክ ይሆናል። ስለዚህ ከወለላ ወተት ሳምንት ሙሉ ንጣ ያጠራቀመችውን ቅቤ፣ ለአራሷ ራስ እንዲሆን፣ ከቀኑ ሦስት ቀን ቀደም ብላ ወደ ፈረስ ቤት ለሚሄድ ዘመዳችን ሰጥታ ላከች። ቅቤው የይቅርታ ቅቤ ነበር። ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው ስታወርድ አላሰረችውም፣ አልፈታችውም፤ በጾም ቅቤ ከፍቶ ማሽተት ፈተና ነው ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው ያወረደችው።

የመንገዱ ቀን ጠዋት አባቴ መፈልፈያውን ፈትቶ ጎጆዋን ብቻ ከትራክተሩ ጋር አያያዘ። እናቴ በአውቶቡስ እንሂድ ብትለው «የራሴ ትራክተር እያለኝ ወንበር ልለምን? ደግሞስ ይኼን ሁሉ ጋን፣ ይኼን ሁሉ ዕቃ ማን ይጭንልሻል?» ብሎ አልተስማማም። እኔ ሳጥኔን ለመክተት ተቀመጥሁ። ይርጋ ከፊቴ ቆሞ «ዛሬስ በዓይንሽ እያየሽ ክተቺ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» አለኝ። ያንን ማለት አልነበረበትም። ሻሹን አንሥቼ ዓይኔን አሰርሁ። ክሪክ፣ መዶሻ፣ የመፍቻው መጠቅለያ፣ ሽቦው፣ ካላማዳሪው፤ ከዚያ ተነሥቼ በዳበሳ ዕቃ ቤት ገባሁና በርጩማ ላይ ቆሜ ከመደርደሪያው የቀረውን አንድ ቆርቆሮ አውርጄ አቅፌ ወጣሁ። ክብደቱ ያው፣ ላስቲኩ ያው፣ ሲባጎው ያው። ከማዕዘኑ ቁጭ አደረግሁትና ሻሹን ፈትቼ ይርጋን ገላመጥሁት።

አባቴ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት እንደ ልማዱ ጠራ። «ክሪክ?» «አለ!» «ሽቦ?» «አለ!» «ግራሶ?»

«አለ!» አልሁ፤ ድምፄ አሁንም ይሰማኛል።

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ብስክሌት የያዙ ልጆች እየቀደሙን፣ እናቴ በመስኮቱ ለሚያውቃት ሁሉ «ክርስትና ላነሣ ነው!» እያለች፣ በደስታ ተጓዝን። ፍኖተ ሰላም ላይ አባቴ ወርዶ የጎጆዋን ጎማዎች መሐል እንደታመመ ልጅ ግንባር በእጁ ጀርባ ዳሰሰ። ደህና ነበሩ። ጅጋ ገበያ ስለ ነበር ከየገጠሩ በእግሩ የመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶት፣ እህል የጫኑ አህዮችን እያሳለፍን ብዙ ቆየን፤ ምሳችንን ሽሮ በዳቦ በላን፤ አባቴ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና «በደንብ እንደርሳለን» አለ። ጎማውን ዳሰሰ፤ ለብ ብሏል፤ ምንም አይደለም ብሎ ዳገቱን ጀመርነው።

ዳገቱን አጋምሰን ነበር ግራው ጎማ የጮኸው። እንደ ታረደ በግ ጮኸ፤ ጭስም ወጣው። አባቴ አቁሞ፣ ከጎማዎቹ ኋላ ድንጋይ ደግፎ፣ በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ፈታ። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ መዝጊያው ተቀድዶ፣ ግራሶው ሁሉ በመንገድ ላይ ፈስሶ አልቆ፣ ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን ግሎ ነበር። አባቴ ግን አልደነገጠም፤ ካላማዳሪ ቆርጦ አዲስ መዝጊያ አበጀና ኩሽኔታው እስኪበርድ ጠብቆ ወደ እኔ እጁን ዘረጋ።

«ሙሉ፣ ግራሶውን።»

ሲባጎውን ፈትቶ ላስቲኩን ገለጠ። ቢጫ ነበር።

«ቅቤ ነው!» አለ ይርጋ በደስታ።

እናቴ ቀርባ አየች፣ አሸተተች፤ «በስመ አብ! የወለላ ቅቤ አይደለም እንዴ? እንግዲያ ለማንጠግቦሽ የላክሁላት…» ብላ አፏን በነጠላዋ ከደነች።

«ግራሶ ልከሽላታል» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

እናቴ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። «ተስድስት ዓመት ኩርፊያ በኋላ፣ ለራስሽ ቅቤ ብዬ የመኪና ቅባት! አሁንማ ሰድባ ላከችብኝ ነው የምትል። ሳልደርስ ከመሸማ በቃ፣ አልቆልኛል።» አባቴ እኔን አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣኝም። ይርጋ ሳጥኑ ላይ ሄዶ ተቀመጠበት። ወደ ጅጋ ተመልሶ ግራሶ ለመግዛት ጊዜ የለም፤ በዚያ ላይ ጎማው መመለሻም አይበቃም፤ በእግር እንሂድ ቢባልም ፀሐይዋ ከእኛ ትቀድማለች። አባቴ ቅቤውን በጣቱ ነካ አድርጎ በሁለት ጣቱ መሐል አሸው። የሚያስበው ገብቶኛል፤ ለእናቴም ገብቷታል።

«በሁዳዴ?» አለች እናቴ።

ከላይ ጥላቸውን ዘርግተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው የሚወርዱ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ደረሱብን። መስቀል አሳልመውን ወደ ቆርቆሮው ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ «ምነው ልጆቼ፣ ተጾሙ መሐል፣ በአደባባይ?» አሉ። እናቴ ነገሩን ከላሟ ጀምራ እስከ ፀሐይዋ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸውና «አባ ይፍቱኝ፣ ጎማ ቅቤ ቢበላ ጾም መሻር ይሆናል?» ብላ ጠየቀች።

ቄሱ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው አሰቡ። ከዚያ ጺማቸው ውስጥ ፈገግታ ታየ። «ጎማ ሆድ የለው፣ የንስሐ አባት የለው፤ ምኑን ይጾማል? እኅት ተእኅቷ ልትታረቅ የሚፈስ ቅቤ አይኮነንም። ብቻ የልጆቹን እጅ ተአፋቸው አርቁ» አሉና ይርጋን በተለይ አይተው «ፍጠኑ፣ ፀሐይ ለክርስትና ብላ አትቆምም» ብለውን ወረዱ።

እናቴ ተነሥታ ቆርቆሮውን እጄ ውስጥ አኖረች። «በይ ቅቢው፤ እጅሽ ትንሽ ናት፣ ትገባለች። ልጅቱ ተቅቤው ትበልጣለች» አለችኝ። እስከ ክርኔ ድረስ ከትቼ ኩሽኔታውን በወለላ ቅቤ ሞላሁት። ከቅበላ ወዲህ ያላየሁት ቅቤ በጣቶቼ መሐል እየተንሸራተተ፣ ምራቄን እየዋጥሁ ሞላሁት።

ጎማው ዝም አለ። ሄድን። ብረቱ እየጋለ ሲሄድ ግን ቅቤው ይነጠር ጀመር፤ ሽታው ከጎጆዋ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ሞላው። መጀመሪያ ውሾች ተከተሉን። ቀጥሎ ከየቤቱ ሰው ወጣ። ቆርቆሮ ቤት በጎማ ላይ፣ ጣራዋ ላይ የጭስ መውጫ ያላት፣ በሁዳዴ ከቀትር በኋላ ቅቤ የምትሸት ቤት ስታልፍ ያየ ሰው ምን ያስባል? አንዲት ሴትዮ «እናንተ! ተጾሙ መሐል ዶሮ ትሠራላችሁ?» ብላ ጮኸች። እናቴ ይህን ስትሰማ እንዳትታማ ከውስጥ ወጥታ ከጎጆዋ በር ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠችና፣ በሁለት እጇ ደረቅ ቆሎ ይዛ ለሚያየውም ለማያየውም እያሳየች «ጎማው ነው! ጎማው ነው እናቴ!» እያለች መንገዱን ዘለቀችው። አባቴ ከፊት ትከሻው ሲርገፈገፍ ይታየኝ ነበር፤ የሚስቅ ይሁን ትራክተሩ ያርገፍግፈው አላወቅሁም።

በየዳገቱ ጫፍ እንቆማለን፤ እወርዳለሁ፤ እቀባለሁ። ፀሐይዋ ደግሞ በየጊዜው ወደ ጋራው ታጎነብሳለች። የመጨረሻው ጫፍ ላይ ስንደርስ የቆርቆሮውን ወለል በጣቴ ፍቄ የወጣውን ለጎማው ሰጠሁት፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ነበር። አባቴ ፈረስ ቤትን ቁልቁል አየና «ተዚህ ወዲያ እግዜር ያውቃል» ብሎ ነዳ። ብዙ ሳንሄድ ጎማው እንደገና ጮኸ። እየጮኸ፣ እየጮኸ፣ ውሾቹን አስከትሎ፣ ፀሐይዋ ጋራው ላይ ግማሿ ሲቀር ከአክስቴ ደጅ ደረስን።

ጩኸቱን ሰምታ አክስቴ ማንጠግቦሽ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ የባሏ እኅት አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ተዘጋጅታለች፤ አንድ ቄስም ከመደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አክስቴ በእጇ ቆርቆሮ ይዛለች። ታናሽ ስለሆነች እናቴን አንቱ ነበር የምትላት፤ የዚያን ጊዜ አንቱታዋ ግን ብርድ ብርድ ይል ነበር።

«እትዬ፣ ስድስት ዓመት ቆይተው የላኩልኝ ይኼን ነው? ሴቶቹ ራሴን ፈትተው ሊዘግኑልኝ ሲሉ ነው የተገለጠ። በሰው ፊት!»

እናቴ ከጎጆዋ በር ቀስ ብላ ወረደች። እኔ ግን ከጎጆዋ ዘልዬ ሮጥሁ። «አክስቴ፣ እኔ ነኝ! ዓይኔን ጨፍኜ ነው! ቅቤው ይኸው፣ ጎማው በላው!» እያልሁ ባዶውን ቆርቆሮና እስከ ክርን የተቀባ ሁለት እጄን ዘረጋሁላት። በዚያው ቅጽበት አባቴ ከትራክተሩ ወርዶ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣ በአክስቴ እጅ ያለውን ቆርቆሮ አየና «እሰይ! ግራሶዬ!» ብሎ ነጥቆ አቀፈው። መደብ ላይ የተቀመጡት ቄስ ሳቅ ያመለጣቸው ያን ጊዜ ነው።

አክስቴ አልሳቀችም። እጄን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አያቴ የወተት ዕቃዋን በወይራ ታጥን ነበር፤ እናቴም ያንኑ አልተወችም፤ ለካ ያ ሽታ ከጋለ ብረትና ከአቧራው ሥር አሁንም አለ። የአክስቴ ዓይን እንባ ሞላ። «የእማዬ ቤት ቅቤ ነው» አለች። ከዚያ ተንበርክካ ሻሿን ፈትታ፣ ሁለቱን እጆቼን ከነጥቁሩ ከነአቧራው ፀጉሯ ውስጥ ከተተቻቸው። «ቅቢኝ» አለችኝ። ቀባኋት። እናቴ መጥታ ከእጆቼ በላይ እጆቿን ጫነች፤ ሁለቱ እኅትማማቾች እኔን መሐላቸው አድርገው ሲላቀሱ፣ የባሏ እኅት ቀስ ብላ ሄዳ ለቄሱ «የክርስትና እናቷ ስም ውዴ ነው፣ መጥታለች» ስትል ሰማሁ። ፀሐይዋ ጠለቀች።

በማግሥቱ ጠዋት ልጅቱ ተጠመቀች። እናቴ አቅፋት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የወለላን ጊደር ለክርስትና ልጇ መስጠቷን በሰው ፊት ተናገረች፤ የላሟም ነገር በዚያው አለቀ። የልጅቱ ስም ውብዓለም ነው፤ በቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ የምትጠራው ግራሶ ተብላ ነው። ከአክስቴ የተመለሰልንን ግራሶ በጎማው ሞልተን ወደ ቡሬ ተመለስን። የዚያ ዓመት ፋሲካ ቤታችን ቅቤ አልነበረም፤ በዓሉን ሊያከብሩ ወደ ቡሬ የወረዱት አክስቴና ባሏ ግን አንድ ቆርቆሮ ይዘው መጡ፤ አክስቴ ከመስጠቷ በፊት ላስቲኩን ገልጣ እናቴን አስሸተተቻት።

ስለ ሳጥኑ አባቴ ምንም ሳይለኝ ሳምንት አለፈ። ይርጋ ተስፋ አድርጎ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አባቴ ሻሹን ከግድግዳው ላይ አወረደና ለእናቴ መለሰላት፤ «ጥፋቱ የእኔም ነው፤ እጅ ብረቱን ያውቃል እንጂ በቆርቆሮ ውስጥ ያለውን አያውቅም። ከዛሬ ጀምሮ የታሰረ ሁሉ ተፈትቶ፣ ተሽትቶ ይገባል» አለኝ። ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋው። ይርጋ ለሁለት ቀን አላነጋገረኝም።

አሁን ጎጆዋ ጓሮ ውስጥ የዶሮ ቤት ናት፤ መፈልፈያውን ይርጋ አድሶ ይሠራበታል፤ እኔ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ። ባለቤቴ መኪና አለው፤ የመኪናው መሣሪያ ከመቀመጫው ሥር በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ እንደተገዛ ተቀምጧል፤ ቢሰበር ስልክ ይደወላል፣ ሰው ይመጣል። ባለፈው ወር ግራሶ የምንላት ውብዓለም ወንድ ልጅ ወልዳ ኖሮ፣ ለአርባ ቀኑ ክርስትና እኔን ጠራችኝ። አባቴና እናቴን ለመውሰድ ቡሬ ስንደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። «ሳጥኑ የታለ?» አለኝ። ይህ መኪና ግራሶ አይፈልግም ልለው ፈለግሁ፤ አላልሁም፤ ከቤት አምጥቼ እግሩ ሥር አኖርሁለት። እጁ በሳጥኑ ውስጥ እንደ ድሮው ሄደ፤ ክሪክ፣ መዶሻ፣ ሽቦ፣ አንድም አላሳሳተውም። የግራሶው ቆርቆሮ ላይ ሲደርስ ሲባጎውን ፈትቶ፣ ላስቲኩን ገልጦ፣ እንደማያምነው ሁሉ ወደ እናቴ ዘረጋው።

ያኔ ዓይኔን ታስሬ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ዓይኔ ተከፍቶ ግማሹን እንኳ አላውቀውም፤ መንገዱ ፈጥኗል፣ ጎማውም አይጮህም፣ ከየቤቱ ወጥቶ ምን ሸተተኝ የሚልም የለም። እናቴ ጭኗ ላይ ለአራሷ የያዘችውን የቅቤ ቆርቆሮ እንደ ያዘች ጎንበስ ብላ የአባቴን ቆርቆሮ አሸተተች፤ ቀጥላ የራሷን ፈትታ አሸተተች።

«ግራሶው ግራሶ ነው፣ ቅቤውም ቅቤ» አለች፤ «በሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንሂድ።»